ከሰልፉ ጭራ የሚሄደው መኮንን

እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ የሱሉልታ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። በአስፋልቱ ዳር ሯጮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያልፋሉ። ከእነሱ ዘግየት ብለው የሰፈራችን ልጆች በሦስት ረድፍ ይመጣሉ። የሚመሯቸው ጡረታ የወጡ ሻምበል ናቸው፤ 58 ዓመታቸው ነው። ማንም ቀጥሯቸው አይደለም። ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ያንኑ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው ልጆቹን ሰልፍ ያስይዛሉ፣ ሶምሶማ ያስሮጣሉ፣ ሲጨርሱ ስለ ሰዓት ማክበር ይመክራሉ። ባለፈው ወር ዳገቱ ላይ ከሰልፉ ወደኋላ ቀርተው ሲራመዱ አንድ ቀጭን ልጅ አጠገባቸው ቆሞ «ጋሽ ሻምበል፣ ደከመዎት እንዴ?» አላቸው። «አንተን እየጠበቅኩ ነው» አሉት። ልጁ ዞር ብሎ ቢያይ እውነትም ከእሱ በኋላ ማንም የለም።

በዚያው ሰሞን ካናዳ የሚኖረው የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ረዘም ያለ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። የእሱ ልጅ የሚሠለጥንበት የካዴት ክፍል አባትየውን «መኮንን ሆነህ አግዘን» ብሎታል። የእህቴ ልጅ 44 ዓመቱ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ይውላል፣ ሆዱም ቀበቶውን አልፎ ወጥቷል። «አጎቴ፣ ልጆቹ ሲሮጡ እኔ እያለከለክሁ ምን ዓይነት መኮንን ልሆን ነው? ፈተና ቢሰጡኝና ብወድቅስ?» ይላል። እኔን መጠየቁ 22 ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ ስላስተማርኩ ነው። ለእሱ የመለስኩለትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ እንደ ሻምበላችን ልጅ ሰብስቦ ለሚያሠለጥን ሰውም ይጠቅም ይሆናል።

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። እኛ ዘንድ ካዴት ሲባል ለመኮንንነት የሚሠለጥን ዕጩ ነው። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤትም፣ ኋላ የተቋቋመው የሐረር አካዳሚም ካዴት ያሉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው። በካናዳና በእንግሊዝ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉምም አለው። የወጣቶች ካዴት ከ12 እስከ 18 ዓመት ያለ ተማሪ ነው። መለዮ ይለብሳል፣ ሰልፍ ይማራል፣ ካርታ ያነባል፣ ድንኳን ተክሎ ያድራል፤ ወታደር ግን አይደለም፣ ሲያድግም ጦር ሠራዊት የመግባት ግዴታ የለበትም። በአሜሪካ ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ተመሳሳይ ፕሮግራም አለ፤ አስተማሪዎቹ በአብዛኛው ጡረታ የወጡ መኮንኖችና የበታች ሹማምንት ናቸው። በ1941 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ አየር ኃይል አጋዥ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት፣ ሲቪል ኤር ፓትሮልም የራሱ የወጣት ክንፍ አለው።

ሰው የሚደናገረው የመሪዎቹ ነገር ላይ ነው። መለዮው የጦሩ፣ ማዕረጉ የጦሩ፣ ሰላምታውም የጦሩ ስለሆነ ፈተናውም የጦሩ ይመስላል። አይደለም። የካናዳ መደበኛ ወታደር በየዓመቱ የሚፈተነው ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሥራ ላይ ባለው ፎርስ በሚባል ፈተና ነው። አንዱ ክፍል 20 ኪሎ የሚመዝን የአሸዋ ከረጢት እስከ 1 ሜትር ገደማ ከፍታ 30 ጊዜ ማንሳት ነው፤ የተፈቀደው ጊዜ 3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። 20 ኪሎ ማለት ውኃ የሞላ ትልቁ ጀሪካን ነው። የማለፊያው ልክ ለ20 ዓመቱም ለ50 ዓመቱም፣ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው፤ የተጎዳ ጓደኛ ዕድሜህን አይቶ ክብደቱን አይቀንስልህምና። የካዴት አሠልጣኝ መኮንኖች ግን የተጠባባቂው ጦር ልዩ ክፍል ናቸው፤ «ማንኛውም ወታደር በማንኛውም ጊዜ ለዘመቻ ብቁ ይሁን» የሚለው ደንብ አይመለከታቸውም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ የፈራው ፈተና እሱን አይጠብቀውም።

ሌሎቹ ጋ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት ጡረተኞች የክብደትና የሰውነት ስብ መለኪያ አለባቸው። በሲቪል ኤር ፓትሮል ደግሞ የአየር ኃይሉን መለዮ መልበስ የሚፈልግ አዋቂ የክብደት ልኩን ማሟላት አለበት፤ ካላሟላ የድርጅቱን ሌላ የደንብ ልብስ ለብሶ ያገለግላል። እውነቱን ለመናገር ይህ ብዙም አይዋጥልኝም። ሆድ የትኛውን ልብስ እንደምትለብስ ሊወስን ይችላል፤ የደከመ ልጅ ከገደል አውጥተህ መውሰድ ትችል እንደሆነ ግን አይነግርም።

ፈተና የለም ማለት ብቃት አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሥራውን እንመልከተው። የወጣቶች መሪ ለውጊያ አይዘጋጅም። የሚያደርገው ምንድን ነው? ከጠዋት እስከ ማታ ይቆማል። ልጆቹ አንድ ጊዜ የሚሄዱትን መንገድ እሱ አንድ ተኩል ጊዜ ይሄደዋል፤ ወደፊት ሄዶ መንታ መንገዱን ያሳያል፣ ወደኋላ ተመልሶ ጫማው የተፈታበትን ያያል። አንዳንዴ ሳይታሰብ 100 ሜትር በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል፣ አንድ ልጅ አስፋልት ሊያቋርጥ ሲል። አልፎ አልፎም 45 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከሌላ ሰው ጋር ተሸክሞ መኪና የሚደርስበት ቦታ ያወጣል። ካምፕ ላይ ደግሞ ልጆቹ ተኝተው እሱ ሁለቴ ሦስቴ ይነሳል፤ በነጋታውም ያው ሥራ ይጠብቀዋል።

ከእነዚህ ውስጥ ከልጆቹ ፊት መሮጥ የሚባል የለም። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜ 5 ቀን አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን 50 ዓመቱ ነበር። እሱ ከክብር ዘበኛው ወታደር ቀድሞ ይሩጥ ያለ ሰው አልነበረም።

ታዲያ መሪው ብቃት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

ሰውነት በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በደቂቃ፣ ለእያንዳንዱ የክብደት ኪሎ፣ ስንት ሚሊ ሊትር ኦክስጅን መጠቀም ይችላል? ይህ ቁጥር የሰው ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ ሳንባም ልብም ጡንቻም አይሄዱም። ስፖርት የሚሠራ የ16 ዓመት ልጅ 50 ቢኖረው አይደንቅም። ወንበር ላይ የሚውል የ44 ዓመት ሰው 33 አለው እንበል። አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሶምሶማ ይሩጡ። ይህ ሩጫ ወደ 30 ይጠይቃል። ልጁ ከጣሪያው 60 በመቶ ላይ ነው፤ ያወራል፣ ይስቃል፣ ጓደኛውን ይገፋል። ሰውየው 90 በመቶ ላይ ነው።

90 በመቶ ላይ ያለ ሰው የሚያየው ከፊቱ ያለውን ተረከዝ ብቻ ነው። ልጆቹን አይቆጥርም። ከግራ የሚመጣውን ባጃጅ አይሰማም። ፊቷ የገረጣውን ልጅ አያስተውልም፤ ቢያስተውልም «ቁም» ለማለት ትንፋሽ ያጥረዋል። የመሪ ብቃት ማለት እንግዲህ በእኔ ግምት ይኸው ነው፤ ሰውነቱ ሥራውን ሲሠራ ለዓይኑና ለጭንቅላቱ የሚተርፍ ነገር መኖሩ። ሻምበላችን ዳገቱ ላይ ሲራመዱ ኋላ የቀረውን ልጅ አይተውታል፤ ከፊት እየሮጡ ቢሆን ኖሮ አያዩትም ነበር።

ደስ የሚለው ነገር ጣሪያው ከፍ ሊል ይችላል። ስፖርት ያልሠራ ሰው ለጥቂት ወራት በሥርዓት ቢሠራ 15 በመቶ ማሻሻል የሚቻል ነው። 33 የነበረው 38 ይሆናል፤ ያው ሶምሶማ ከ90 ወደ 79 በመቶ ይወርዳል። አሁን ዓረፍተ ነገር መጨረስ ይችላል።

ዕድሜ ግን በሌላ በኩል ይጎትታል። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ምንም የማይሠራ ሰው ጣሪያው በየ10 ዓመቱ 10 በመቶ ያህል ይወርዳል፤ የሚሠራ ሰው መውረዱን በግማሽ ሊቀንሰው ይችላል። ጡንቻም በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይሳሳል። ከሁሉም የሚያዘናጋው ጅማት ነው። ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳሉ፤ ጅማት ወራት ይፈልጋል። በሦስተኛው ሳምንት «አሁንማ ተመለስኩ» ብሎ የሚፈነጥዝ ሰው በአምስተኛው ሳምንት ተረከዙን ይዞ የሚያነክሰው በዚህ ምክንያት ነው። በተለይ የቀድሞ ወታደሮች እዚህ ላይ ይቸገራሉ። ጭንቅላታቸው የ22 ዓመቱን ፍጥነት ያስታውሳል፤ ጉልበታቸው ግን ረስቶታል። ይህንን ለሻምበላችን ስነግራቸው «እኔ እንኳ አልረሳሁም፣ እሱ ነው የረሳኝ» አሉ፣ ጉልበታቸውን እየጠቆሙ።

ራስን ለመለካት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበረው ኬኔት ኩፐር በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ፈተና ሰዓትና ሜዳ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ 12 ደቂቃ ውስጥ ስንት ሜትር ሄድክ? 2,000 ሜትር የሄደ ሰው ጣሪያው 33 አካባቢ ይሆናል። ነገር ግን ይህን ሠንጠረዥ እንዳለ አምጥቶ ሱሉልታ ሜዳ ላይ መዘርጋት ስህተት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ ሱሉልታ ከዚያም ትበልጣለች፤ የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ ያው 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከ1,500 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ የሰው ጣሪያ 1 በመቶ ያህል ይወርዳል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ዘመድ በመጀመሪያው ሳምንት እንጦጦ ላይ ትንፋሹ ቢቆራረጥ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ለምዶታል፤ እሱም ቢሆን ቁጥሩን ማወዳደር ያለበት ካለፈው ወር የራሱ ቁጥር ጋር ነው።

ሌላው መለኪያ ገመድ ነው። ቁመትህን በሲባጎ ለካ፣ ሲባጎውን ሁለት እጠፈው፣ ከዚያ ሆድህን በእምብርትህ ከፍታ ዙረው። ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ አልፏል ማለት ነው፤ ለልብና ለስኳር በሽታ የሚያጋልጠው ይኸኛው ስብ ነው። ከኪሎ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ጡንቻማውን ሰው ከወፍራሙ ይለያል፣ ብርም አይጠይቅም።

ከ40 በላይ ሆኖ ለዓመታት ያልሠራ ሰው ከመጀመሩ በፊት ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ ግፊቱንና ስኳሩን ይለካ። ግፊት አይታይም፣ አያምም፤ ደጋግሞ ተለክቶ 140 በ90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያነጋግር። ያልለመደ ሰው ድንገት በኃይል ሲሠራ በዚያች ሰዓት ለድንገተኛ የልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ እየለመደ ሲሄድ ይህ አደጋ ይቀንሳል። ሲሠራ ደረቱን የሚጨንቀው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድ፣ የሚያዞረው ወይም ራሱን የሚያስት ሰው ያኔውኑ ያቁም። «ንፋስ ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ መቀጠል ልጆች ፊት ላለማፈር የሚከፈል ከባድ ዋጋ ነው።

ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት ፕሮግራም እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ወር ሩጫ የለም። በሳምንት 5 ቀን፣ 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። ይህ 150 ደቂቃ ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ለአዋቂዎች ያወጣው ትንሹ ልክ ነው። ፍጥነቱን በምላስህ ለካው፤ ማውራት ትችላለህ፣ መዝፈን ግን አትችልም። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ከአምስቱ ቀናት በአንዱ ዳገት ፈልግ። 1 ደቂቃ ጠንከር አድርገህ ውጣ፣ 2 ደቂቃ ቀስ ብለህ ውረድ፤ በ4 ጀምረህ እስከ 8 ዙር አድርሰው። ጣሪያውን ከፍ የሚያደርገው ይህ ቀን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ የጡንቻ ሥራ። ከወንበር ያለ እጅ መነሳትና መቀመጥ። ፑሽአፕ በመጀመሪያ ግድግዳ ላይ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ፣ ቆይቶ መሬት ላይ። ከዚያ ጀሪካን። ግማሽ ውኃ ይዘህ በሁለት እጅህ 40 ሜትር ሂድ፣ ተመለስ፤ በየሁለት ሳምንቱ ውኃ ጨምር። ስታነሳ ጉልበትህን እጠፍ፣ ወገብህን አታጉብጥ።

ካናዳ ጀሪካን ከየት አመጣለሁ ብሎኛል። የምትፈልገው የሚይዙት ክብደት ነው፣ የሩዝ ከረጢትም ይሆናል። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ጂም ገብተው አያውቁም፤ ጀርባቸው ላይ ግን 30 ኪሎና ከዚያ በላይ አለ። (ይህንን እንደ ስፖርት ማድነቅ ያሳፍራል፣ ችግር ነው የሚያሸክማቸው። ግን ጉልበት ከምን እንደሚመጣ ያሳያል።)

ጾም ላይ የሚነሳ ጥያቄ አለ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ጠንካራውን ሥራ የዕለቱን ጾም ከሚፈታበት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ቢያደርገው ወዲያው ይበላል፣ ይጠጣል። በረመዳንም ከማፍጠሪያው በፊት ቀለል ያለ እርምጃ፣ ጠንካራው ደግሞ ካፈጠሩ በኋላ። ሥጋና እንቁላል ባይኖር ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ንፍሮ ጡንቻ ይጠግናሉ፤ በሶም ሯጮቻችን የሚያውቁት ስንቅ ነው። የሚጾሙ ልጆች ካሉ ግን ፕሮግራሙ ለእነሱ ይቀየር፤ የመሪው ጉብዝና እዚህ ላይ አይሠራም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ልጅ ሲያጠፋ «20 ፑሽአፕ ውረድ!» ማለት ብዙዎቻችን ያደግንበት ነው፤ እኔም አስተማሪ ሆኜ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አድርጌዋለሁ። ዛሬ በሲቪል ኤር ፓትሮል ስፖርትን ለቅጣት መጠቀም ክልክል ነው፤ ተገቢ ክልከላ ነው። ያልለመደ ጡንቻ ከመጠን በላይ ሲገደድ ይፈራርሳል፣ ፍርስራሹ ከደም ጋር ሄዶ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ሲጠቁር ምልክቱ ያ ነው። ከዚያ በላይ ግን ልጁ ስፖርት ማለት ቅጣት ነው ብሎ ይማራል። በ40 ዓመቱ ሆዱ ወጥቶ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነው። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመከረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ነው፤ ወደውት ካልሆነ ማን ያሠራቸዋል?

መሪው ከልጆቹ ጋር መሥራት አለበት ወይ? አዎ፣ የሚችለውን ያህል። ልጆች የሚያከብሩት ሲታገል ያዩትን ሰው ነው። አምስት ፑሽአፕ የሚችል አምስቱን ሠርቶ ይነሳና ለቀሩት ይቁጠር። ሁለት መሪዎች ካሉ ፈጣኑ ከፊት፣ ነገሩን የሚያስተውለው ከኋላ ይሁን። አንድ ብቻ ከሆነ ፊት ለፊቱን ለትልቁ ልጅ ሰጥቶ እሱ ጭራ ላይ ይሁን፤ ልጁም መምራት ይለምዳል።

ባለፈው እሑድ የሲባጎውን ነገር ለሻምበላችን አሳየኋቸው። ልጆቹ ከበቡን። ቁመታቸውን ለካን፣ ሲባጎውን አጠፍነው፣ ሆዳቸውን ዙረን ጫፎቹን ልናገናኝ ስንል በድንገት «ተጠንቀቅ!» ብለው ጮኹ። ልጆቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። «ቀኝ ኋላ ዙር!» ልጆቹ ጀርባቸውን ሰጡ። «አሁን አንብበው፣ ግን ድምፅህን ዝቅ አድርገህ» አሉኝ።